የራይት ክሊኩን «ሴንድ ቱ» ለሥራችሁ እንዲመች አድርጉት

ሰኔ ሲገባ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ምሳውን የሚበላው ቆሞ ነው። እኔም አንዱ ነኝ። ተመራቂው ባንዴ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ቴሲስ ሊያስጠርዝ፣ ሌላው ሲቪ ሊያጽፍ፣ ሌላዋ ደግሞ «ጋሼ ባጃጅ አቁሜ ነው፣ ሁለት ገጽ ብቻ ናት» ብላ ፍላሿን ከሁሉም ሰው ፍላሽ ፊት ታስቀምጣለች። በዚህ መሃል አንዷን ፋይል ወደ ኮምፒውተሩ ለመገልበጥ ፍላሹን ከፍቼ፣ ፋይሉን መርጬ፣ ኮፒ ብዬ፣ ሌላ መስኮት ከፍቼ፣ ዲ ድራይቭ ገብቼ፣ የደንበኞችን ፎልደር ፈልጌ፣ የዛሬውን ከፍቼ፣ ፔስት... እዚህ ሳልደርስ ባለ ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል።

ሥራውን ያቀለለልኝ ዊንዶውስ ውስጥ ድሮም የነበረ፣ ብዙ ሰው የማይነካው አንድ ዝርዝር ነው። ፋይል ላይ ራይት ክሊክ ስታደርጉ «ሴንድ ቱ» የሚል ይመጣል አይደል? እሱ። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ አለ፤ ማለትም ከአብዛኞቹ ደንበኞቼ በዕድሜ ይበልጣል። ችግሩ የማንፈልገውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። አንዱ ፋክስ ነው። ሱቄ መጥቶ ፋክስ ላክልኝ ያለኝ ሰው እስካሁን የለም።

ደስ የሚለው ነገር ይኼ ዝርዝር ሲገለጥ ተራ ፎልደር ነው። ፎልደሩ ውስጥ ያስገባችሁት ዝርዝሩ ላይ ይወጣል፣ ያወጣችሁት ከዝርዝሩ ይጠፋል። በቃ። ፕሮግራም መጫን የለ፣ ኢንተርኔት መክፈት የለ፣ ቴክኒሻን መጥራት የለ።

የዊንዶውስን ቃላት ስክሪናችሁ ላይ የምታዩዋቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እኔ እንደምንጠራቸው በአማርኛ እጽፋቸዋለሁ። የምሠራው በዊንዶውስ 10 ነው። 11 ላይ የሚለየውን ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ኮምፒውተሩን ከመንካታችሁ በፊት ግማሽ ቀን ቁጠሩ። እኔ የተበላሸ ፕሪንት ገልብጬ ማውሱ አጠገብ አስቀመጥኩና አንድ ነገር በሠራሁ ቁጥር መስመር ሳሰምር አረፈድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ሳየው ገረመኝ። ቀኑን ሙሉ ስካን የማደርግ ይመስለኝ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን ከሁሉ የበዛው ከፍላሽ ወደ «የዛሬ» ፎልደር መገልበጥ ነው። ቀጥሎ ጥቁርና ነጭ ፕሪንት። ስካን ሦስተኛ። ከለር ፕሪንትማ ካሰብኩት በጣም በታች ሆኖ ተገኘ።

የኔ ዝርዝር ከዚያ ወረቀት ላይ ነው የወጣው፣ አምስት ነገር። የእናንተ ሦስት ሊሆን ይችላል። ሐይቁ ዳር ለጀልባ ጉዞ ደረሰኝ የምትቆርጡ ከሆነ ወይም የሆቴል ሪሴፕሽን ላይ የምትሠሩ ከሆነ ፓስፖርት ስካን የሚቀመጥበት ፎልደር ብቻውን ቀናችሁን ሊያቀልለው ይችላል። ከሰባት አታሳልፉት። ከሰባት ሲያልፍ ዝርዝሩን ማንበብ ትጀምራላችሁ፤ ማንበብ ከጀመራችሁ ደግሞ በድሮው መንገድ መሄድ ይሻላችኋል።

ፎልደሩን ማግኘት

የተደበቀ ቦታ ነው ያለው፣ ግን አይከብድም።

1. የዊንዶውስ ቁልፍንና «ኢ»ን አብራችሁ ተጫኑ። ፋይል ኤክስፕሎረር ይከፈታል።

2. ከላይ «ቪው» የሚለውን ተጫኑና «ሂደን አይተምስ» ላይ ምልክት አድርጉ። ዊንዶውስ 11 ላይ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ሂደን አይተምስ» ነው።

3. ሲ ድራይቭ ግቡ፣ «ዩዘርስ»ን ክፈቱ፣ ቀጥሎ በስማችሁ ያለውን ፎልደር። ስማችሁ ከሌለ አትደንግጡ። የኔው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውሱን የጫነው ልጅ የራሱን ስም አስገብቶበት ስለቀረ ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ስም ነው የምሠራው።

4. «አፕ ዴታ» የሚል ፎልደር ደብዘዝ ብሎ ይታያችኋል። እሱን ክፈቱ፣ ከዚያ «ሮሚንግ»፣ «ማይክሮሶፍት»፣ «ዊንዶውስ»፣ መጨረሻ ላይ «ሴንድ ቱ»።

ይኼን ሁሉ መንገድ ዳግመኛ እንዳትመላለሱበት «ሴንድ ቱ» ፎልደሩን ራሱን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፒን ቱ ኩዊክ አክሰስ» በሉት። በግራ በኩል ተሰክቶ ይቀመጣል። ሥራችሁን ስትጨርሱ «ሂደን አይተምስ»ን መልሳችሁ አጥፉት፤ አለበለዚያ አንድ ቀን አንዱ ረዳት «ይኼ ደብዛዛ ፎልደር ምን ይሠራል» ብሎ ያጠፋዋል።

ማጽዳት

ከመጨመር በፊት መቀነስ ነው። ግን ዲሊት አታድርጉ። ዲ ድራይቭ ላይ «የወጡ» የሚል ፎልደር ከፍታችሁ የማትፈልጉትን ከት አድርጋችሁ እዚያ ውስጥ ፔስት አድርጉት። ቢያስፈልጋችሁ ትመልሱታላችሁ።

እኔ ፋክሱን፣ ኢሜይሉን እና «ዶክመንትስ» የሚለውን አወጣሁ። «ኮምፕረስድ» የሚለውን፣ ማለትም ፋይሎችን ጠቅልሎ ዚፕ የሚያደርገውን፣ ተውኩት። ብሉቱዝም ስልክ ይዞ ለሚመጣ ሰው ስለሚጠቅም ቀረ።

«ዴስክቶፕ፣ ክሪኤት ሾርትከት» የሚለውን ግን ያለ ርኅራኄ ነው ያስወጣሁት፣ ምክንያት አለኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ቴሲሱን የሚያስገባበት የመጨረሻ ቀን ከሰዓት ላይ ላቡ በግንባሩ እየወረደ መጣ። ፍላሹን ሰካሁት። አንድ ፋይል አለ፣ ስሙ ትክክል ነው፣ ምልክቱም የዎርድ ነው፤ ከታች በግራ በኩል ግን ትንሽዬ ቀስት አለችበት። መጠኑን ሳየው 2 ኪሎባይት። ልጁ ቤቱ ሆኖ «ሴንድ ቱ ዴስክቶፕ» ብሏል፣ ዴስክቶፑ ላይ የመጣችለትን ደግሞ ወደ ፍላሹ ገልብጧል። የገለበጠው ሾርትከቱን ነው። ቴሲሱ ቤቱ ተቀምጧል፣ ቤቱ ደግሞ ዘንዘልማ ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሊከፈት አይችልም?» አለኝ። አይችልም። ሾርትከት ማለት «ፋይሉ እዚያ ቤት አለ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ነው። ወረቀቷን ይዞ መምጣት ሰውየውን ይዞ መምጣት አይደለም። በባጃጅ ሄዶ ተመለሰ፣ ደረሰለት፤ እኔ ግን ያን ቀን ያቺን መስመር ከዝርዝሬ አወጣኋት።

ለማንኛውም ቀስት ያለበትን ምልክት ሁልጊዜ ልብ በሉት። ፍላሽ ስትከፍቱ ፎልደሮቹ ሁሉ ባንዴ ቀስት አብቅለው ካገኛችኋቸው ደግሞ ቫይረስ ነው፤ ደብል ክሊክ ሳታደርጉ ፍላሹን ራሱን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ በዲፌንደር፣ ማለትም በዊንዶውስ በራሱ ጸረ ቫይረስ፣ ስካን አድርጉት።

የራሳችሁን ማስገባት

እንግዲህ ዋናው ነገር። መጀመሪያ ፎልደሮቻችሁን ሲ ላይ ሳይሆን ዲ ላይ ክፈቷቸው፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይመጣል። እኔ ዲ ላይ «የዛሬ»፣ «ስካን» እና «ጥረዛ የሚጠብቁ» የሚሉ ሦስት ፎልደሮች አሉኝ።

ሁለት መስኮት ክፈቱ። አንደኛውን የዊንዶውስ ቁልፍና የግራ ቀስት፣ ሌላውን የዊንዶውስ ቁልፍና የቀኝ ቀስት በመጫን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንዱ የ«ሴንድ ቱ» ፎልደር ይሁን፣ በሌላው ዲ ድራይቭ። አሁን «የዛሬ»ን በቀኝ የማውስ ቁልፍ ይዛችሁ ጎትቱና «ሴንድ ቱ» ውስጥ ልቀቁት። ስትለቁት ትንሽ ዝርዝር ይመጣል፤ «ክሪኤት ሾርትከትስ ሂር» የሚለውን ምረጡ። በግራው ቁልፍ ጎትታችሁ ከሆነ ከመልቀቃችሁ በፊት «አልት»ን ያዙ፣ ያው ነው። ዝም ብላችሁ ጎትታችሁ ከለቀቃችሁት ግን ፎልደሩ ራሱ ተነቅሎ ወይም ተገልብጦ ይገባል፤ እንደዚያ ከሆነ «ኮንትሮል» እና «ዜድ» ብላችሁ መልሱት።

ቀጥሎ ስም። የገባችው ነገር ስሟ ላይ «ሾርትከት» የሚል ጅራት ይዛ ነው የምትመጣው። «ኤፍ 2» ተጫኑና ጅራቱን ቆርጣችሁ ፊቷ ላይ ቁጥር አስገቡላት፦ «1 የዛሬ»፣ «2 ስካን»። ሁለት ጥቅም አለው። ዝርዝሩ የሚደረደረው በስም ስለሆነ ቁጥር ካስገባችሁ ተራውን እናንተ ትወስናላችሁ። ደግሞ ዝርዝሩ ተከፍቶ እያለ ኪቦርድ ላይ 1ን ብትጫኑ ወደዚያች መስመር ይወስዳችኋል፤ በአንድ እጅ ወረቀት ለያዘ ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ስሙን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ዊንዶውስ አይከለክልም። በዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ስልኩም ኮምፒውተሩም በሚያነበው የአማርኛ አጻጻፍ፣ እስከጻፋችሁ ድረስ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፋይል ላይ ስም ከጻፋችሁ የሚታያችሁ የተዘበራረቀ ምልክት ነው፤ ፎንቱን ዎርድ ውስጥ እንጂ ፎልደር ስም ላይ መምረጥ አይቻልምና። እኔ አማርኛውን እመርጣለሁ፤ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ገና ሁለተኛ ቀኗ ላይ ሳትጠይቀኝ ነው የተጠቀመችበት። ስም ስትሰጡ ግን ለራሳችሁ ብቻ የሚገባችሁን አትስጡ። መጀመሪያ «ጥ.ጠ.» ብዬ ነበር ያሳጠርኩት። ልጅቷ «ጋሼ፣ ጥ ጠ ምንድን ነው?» ስትለኝ አፈርኩና «3 ጥረዛ የሚጠብቁ» ብዬ በሙሉው ጻፍኩት።

በነገራችን ላይ ፍላሽ ማስገባት አያስፈልጋችሁም። ስትሰኩት ራሱ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ይመጣል። ሦስት ፍላሽ ባንዴ ከሰካችሁ ሦስቱም ተደርድረው ይመጡና የአንዱን መታወቂያ ለሌላው ትልካላችሁ፤ አንድ በአንድ ስኩ።

ኮፒ ነው ወይስ መውሰድ?

እዚህ ጋ ረጋ በሉ፣ እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ነው።

«ሴንድ ቱ» ወደ ፎልደር ሲልክ የሚያደርገው በማውስ ጎትታችሁ ብትለቁት የሚሆነውን ነው። ከፍላሽ ወደ ዲ ከሆነ ድራይቩ ይለያያልና ይገለብጣል፣ ፍላሹ ላይ ያለው እንዳለ ይቀራል። ከዲ ወደ ዲ ከሆነ ግን አይገለብጥም፤ አንስቶ ይወስደዋል። ከነበረበት ቦታ ይጠፋል ማለት ነው።

ይኼን ሳላውቅ የአንዲት እናትን የይዞታ ደብተር ገጽ በገጽ ስካን አድርጌ «ስካን» ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ከዚያ ወደ «ጥረዛ የሚጠብቁ» ላክሁት። በማግሥቱ ተመልሰው ሌላ ቅጂ ሲጠይቁኝ «ስካን»ን ብከፍት ባዶ። ሌላው ፎልደር ውስጥ መፈለግ ትዝ አላለኝም፣ ገልብጬዋለሁ ብያለሁና ምን ትዝ ይለኛል። «ምነው ልጄ፣ ማሽኑ በላው እንዴ?» አሉኝ እማማ። እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ስካን አደረግኩ፤ እሳቸው እየመረቁኝ እኔ በሆዴ ራሴን እየረገምኩ። ማታ ሳጸዳ «ጥረዛ የሚጠብቁ» ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለውን ፎልደር ስትጫኑ «ኮንትሮል»ን ይዛችሁ ከሆነ ሁልጊዜ ይገለብጣል። «ሺፍት»ን ይዛችሁ ከሆነ ሁልጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ በማይረባ ፋይል ሞክሩት፣ ሁለት ሦስቴ፣ እጃችሁ እስኪለምደው።

ፕሪንተሩን እዚያው ውስጥ ማስገባት

ይኼን ያሳየኋቸው የሙያ ጓደኞቼ ሁሉ «እንዴ!» ያሉት እዚህ ላይ ነው። ፕሪንተርም ይገባል። ዊንዶውስ 10 ላይ «ኮንትሮል ፓነል»ን ክፈቱ፣ «ዲቫይስስ ኤንድ ፕሪንተርስ» ግቡ፣ ፕሪንተሩን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ክሪኤት ሾርትከት» በሉ። እዚህ ማስቀመጥ አልችልም፣ ዴስክቶፕ ላይ ላስቀምጠው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፤ እሺ በሉት። ከዴስክቶፕ ላይ ከት አድርጋችሁ «ሴንድ ቱ» ውስጥ ፔስት። ስሙን «4 ጥቁር ፕሪንት» በሉት።

ከዚህ በኋላ የዎርድ ፋይል ላይ ራይት ክሊክ፣ «ሴንድ ቱ»፣ «4 ጥቁር ፕሪንት»። ዎርድ ብልጭ ብሎ ይከፈትና ይልከዋል፣ ራሱ ይዘጋል። ፒዲኤፍ ከሆነ ፒዲኤፍ የሚከፍትላችሁ ፕሮግራም ላይ ይወሰናል። አክሮባት ሪደር ይታዘዛል፤ ፒዲኤፉን የሚከፍተው ብራውዘር ከሆነ ግን እሺ ላይል ይችላል።

አሁን ማስጠንቀቂያው። በዚህ መንገድ ስትልኩ አይጠይቃችሁም። ከስንተኛ እስከ ስንተኛ ገጽ የለም፣ ስንት ኮፒ የለም፣ እርግጠኛ ነህ ወይ የለም። ሁሉንም ገጽ፣ አንድ ኮፒ፣ ፕሪንተሩ ላይ በተስተካከለው መሠረት ያወጣል። እኔ ሁለቱን ፕሪንተሮች 4 እና 5 ብዬ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ነበር፣ እና አንድ የተጨናነቀ ቀን ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ ቴሲስ ወደ ከለሩ ላክሁ። ድምፁን ስሰማ ነው ያወቅኩት፤ የኔ ከለር ፕሪንተር ሲነሳ እንደ አሮጌ ጀልባ ያጉረመርማል። ወረቀቱን ከሥር መዝዤ አቆምኩት፣ ከዚያ የፕሪንተሩን ሰልፍ ከፍቼ ሥራውን ሰረዝኩት። ጥቂት ገጽ ወጥቶ ነበር፣ ቀለሙን ከኪሴ ከፈልኩ።

ከዚያ ወዲህ ከለሩ «9 ከለር» ነው የሚባለው፣ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ታች ይቀመጣል። እጅ ሲሳሳት የሚሳሳተው ወደ ጎረቤቱ ነው፤ ስለዚህ ውዱን ነገር ከርካሹ አጠገብ አታስቀምጡት።

ፕሪንተራችሁ ሁለት ገጽ፣ ማለትም ፊትና ጀርባ የሚያትም ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር፤ ያንኑ ፕሪንተር ሁለት ጊዜ በሁለት ስም መጫን ይቻላል። አንዱን በ«ፕሪንቲንግ ፕረፈረንስስ» ፊትና ጀርባ ላይ፣ ሌላውን አንድ ገጽ ላይ አስተካክሏቸው። ዝርዝሩ ላይ ሁለት መስመር ይሆናሉ፣ ማሽኑ አንድ ነው።

ፕሮግራም ማስገባት

ይኼ አጭር ነው። ስታርት ሜኑ ላይ ፕሮግራሙን ፈልጉት፣ ራይት ክሊክ፣ «ሞር»፣ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን»። እዚያ የምታገኙትን ሾርትከት ኮፒ አድርጋችሁ «ሴንድ ቱ» ውስጥ ፔስት አድርጉ። ከማይክሮሶፍት ስቶር የወረዱት ይኼ ምርጫ የላቸውም፣ እነሱን እርሷቸው። እኔ ፔይንትን አስገብቻለሁ፤ ደንበኛ በስልክ አንስቶ የላከውን የመታወቂያ ፎቶ ጠርዙን ለመቁረጥ። ፋይሉ በተለምዶ በሌላ ፕሮግራም የሚከፈት ቢሆንም እንኳ በዚህ መንገድ ስትልኩት በፔይንት ይከፈታል።

ዊንዶውስ 11 ላይ ከሆናችሁ

ራይት ክሊክ ስታደርጉ ዝርዝሩ አጥሮ ስለሚመጣ «ሴንድ ቱ»ን አታዩትም። ተሰርዞ አይደለም። «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» የሚለውን ስትጫኑ ይመጣል፤ ፋይሉን መርጣችሁ «ሺፍት» እና «ኤፍ 10» ብትጫኑም ያው የድሮው ዝርዝር ይከፈታል። አንድ ተጨማሪ ክሊክ ናት፣ ታበሳጫለች።

በግራ በኩል ያለው፣ ኩዊክ አክሰስ

ደንበኛ ፋይል በቴሌግራም መላክ ከጀመረ ወዲህ ፍላሽ የሚይዘው ሰው ቀንሷል። ኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም የሚያወርደውን ካልቀየራችሁት በቀር «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ነው የሚያስቀምጠው። ያንን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፒን ቱ ኩዊክ አክሰስ» በሉት። «የዛሬ»ንም እንደዚሁ። ተራቸውን እየጎተታችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ።

ከዚህ ጋር ግን አንድ ነገር ካላጠፋችሁ ሥራችሁ ጎደሎ ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ሲከፈት በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችን ይዘረዝራል። የኔ ስክሪን ወደ ደንበኛው በከፊል ዞሮ ነው ያለው፣ ቦታው ጠባብ ነው። ስለዚህ አንዱ ቆሞ ሲጠብቅ ከሱ በፊት የመጣችውን ልጅ የሥራ ማመልከቻ ስም ያነባል፤ ከተማው ደግሞ ትንሽ ነው፣ ይተዋወቃሉ። «ቪው» ውስጥ «ኦፕሽንስ»ን ክፈቱ (11 ላይ ከላይ ሦስቱን ነጥብ ስትጫኑ ነው)። «ጀነራል» ከሚለው ገጽ ግርጌ «ፕራይቬሲ» አለ። በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችን አሳይ፣ ብዙ ጊዜ የሚከፈቱ ፎልደሮችን አሳይ የሚሉትን ሁለቱንም ምልክት አንሱ፣ «ክሊር»ን ተጫኑ። እናንተ የሰካችኋቸው ይቀራሉ፣ ሌላው ይጠፋል።

ከታች ያለው፣ ታስክባር

የማመልከቻ፣ የውል፣ የሲቪ፣ የውክልና... የተዘጋጁ ፎርሞች አሉን፣ ስምና ቀን ብቻ የምንለውጥባቸው። እነዚህን ዲ ላይ «ፎርሞች» በሚል ፎልደር በየዓይነታቸው ንዑስ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ታስክባሩን ባዶ ቦታው ላይ ራይት ክሊክ፣ «ቱልባርስ»፣ «ኒው ቱልባር»፣ «ፎርሞች»ን መምረጥ። ሰዓቱ አጠገብ «ፎርሞች» የሚል ጽሑፍ ከትንሽ ጥንድ ቀስት ጋር ይመጣል። ቀስቷን ስትጫኑ ፎልደሩ እንደ ሜኑ ወደ ላይ ይዘረጋል፣ ንዑስ ፎልደሮቹም በየተራ ወደ ጎን ይከፈታሉ። መስኮት ሳትከፍቱ ፎርሙ ጋ ደረሳችሁ።

ይኼን ዊንዶውስ 11 አንስቶታል፣ በጣም አዝኛለሁ። እዚያ ለዚህ ቅርብ የሆነው ዎርድን ታስክባር ላይ ፒን አድርጋችሁ ራይት ክሊክ ስታደርጉት ከሚመጣው ዝርዝር ላይ የምትደጋግሟቸውን ፎርሞች በፒን ምልክቷ መስካት ነው። ታስክባር ላይ የተሰኩ ፕሮግራሞችን በዊንዶውስ ቁልፍና በተራ ቁጥራቸው መክፈት እንደሚቻልም አትርሱ፤ ከግራ የመጀመሪያው 1፣ ቀጥሎ ያለው 2። «አልት»ን ከጨመራችሁበት ደግሞ የተሰኩትን ፎርሞች ዝርዝር በቀጥታ ያወጣላችኋል።

ፎርሞቹን ግን «ሪድ ኦንሊ» አድርጓቸው፤ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከታች ምልክት። እኔ ሳላደርግ ቀርቼ አንዱ ተከራይ የሌላ ሰው ስም ያለበት የቤት ኪራይ ውል ሊፈርም ሲል ነው ስህተቱ የተያዘው።

ሱቁ ሲዘጋ

«የዛሬ» በየቀኑ ይሞላል፣ ስለዚህ ማታ ባዶ መደረግ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፎልደሩን ራሱን ሪኔም አድርጎ ቀን ይሰጠውና ነገ አዲስ «የዛሬ» እከፍታለሁ ይላል። አታድርጉ። ሾርትከቱ ስሙ የተቀየረውን ፎልደር ተከትሎ ሊሄድ ይችላል፤ እናንተ ወደ ዛሬ የላካችሁ እየመሰላችሁ ወደ ትላንት ትልካላችሁ። ፎልደሩን ባለበት ተዉት፣ ውስጡ ያለውን ብቻ «ኮንትሮል» እና «ኤ» ብላችሁ ከት አድርጉና በቀኑ ስም ወደተከፈተ ሌላ ፎልደር ውሰዱት። ቀኑን ደግሞ ዓመቱን አስቀድማችሁ ጻፉ፣ «2017-10-12» እንደማለት። «ሰኔ 12» ካላችሁት በስም ሲደረደር ሰኔና ጥቅምት ይቀላቀሉባችኋል።

መጨረሻ ላይ፣ ያን ሁሉ የለፋችሁበትን የ«ሴንድ ቱ» ፎልደር ኮፒ አድርጋችሁ ዲ ላይ አስቀምጡት፣ አንድ ደግሞ ፍላሽ ላይ። ፎልደሩ ያለው ሲ ውስጥ ነው። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር የኛ ኮምፒውተሮች ዊንዶውሳቸው ይበላሻል፣ ሲበላሽ ደግሞ ቴክኒሻኑ መጀመሪያ የሚለው «ሲን ፎርማት ላድርገው» ነው። የናንተ ፎልደሮች ዲ ላይ ከሆኑ ከፎርማቱ በኋላ ቅጂውን ወደ አዲሱ «ሴንድ ቱ» መልሳችሁ መክተት ብቻ ነው፣ የፎልደር ሾርትከቶቹ ሁሉ የድሮውን አድራሻ ያገኙታል። ፕሪንተሮቹን ግን ድራይቨራቸው ከተጫነ በኋላ እንደ አዲስ ክሪኤት አድርጉ። እኔ ባለፈው መጋቢት ያደረግኩት ይኼንኑ ነው፤ ቴክኒሻኑ ሒሳቡን ተቀብሎ በሩ ጋ ሳይደርስ «1 የዛሬ» ቦታዋ ላይ ነበረች።